የታወቀውን ሳይፈጽሙ ያልታወቀውን ስለ መጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ቃሊቲ የመንገድ ሀገር ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ ሞጆና ወደ አዳማ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው ጎዳና በዚህ ያልፋል፤ ከባሕር የመጣው ዕቃ የሚፈተሽበት ጉምሩክም በዚሁ ይገኛል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። ሌሊትም ቀንም የመኪና ድምፅ የማይጠፋባት፣ አንዱ ሲሄድባት ሌላው የሚመለስባት ስፍራ ናትና በዚህች ቀበሌ ያደገ ሕፃን እንኳ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚሄድ በድምፁ ሊነግራችሁ ይችላል።

ይሁን እንጂ ስለ ምድር መንገድ ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ነፍሱ መንገድ ሲጨነቅ እናያለን። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ጥግ ቆመው ከሚጠብቁን ምእመናን የምንሰማው ጥያቄ ቃሉ ቢለያይም ምሥጢሩ አንድ ነው። አንዲት እናት፣ ልጄ ወደ ዓረብ ሀገር ልሂድ ትላለች፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑንና አለመሆኑን በምን ልወቅ? ትለናለች። አንድ ጐልማሳ ስለ ጋብቻው፣ ሌላው ስለ ንግዱ፣ ሌላውም ምናኔን ስለ መመኘቱ ይጠይቀናል። ጥያቄው መልካም ነው። የማይጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነውና፤ አንደኛው ሁሉን ዐውቃለሁ የሚል ትዕቢተኛ ነው፤ ሁለተኛውም እግዚአብሔር ስለ እኔ ምን ገዶት ብሎ ተስፋ የቆረጠ ነው። ስለዚህ መጠየቁን እያመሰገንን፣ እንዴት እንደሚጠየቅና መልሱ በምን እንደሚታወቅ በዛሬው ጽሑፋችን እንመረምራለን።

በዚህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የገዛ ወገናችን የሆነው የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ነው። ታሪኩ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ተጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም ነገሩ በ34 ዓ.ም. እንደ ተፈጸመ ያስተምራል። ይህ ሰው ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስም ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ ጎዳና ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የሚያነበውን አላስተዋለውም፤ ነገር ግን አልገባኝም ብሎ መጽሐፉን አልዘጋውም። ፊልጶስ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? ብሎ በጠየቀው ጊዜም የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ መሪ ሳላገኝ እንዴት ይቻለኛል? ለማለት አላፈረም፤ አቧራ የለበሰውን እግረኛ ወደ ሠረገላው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ከዚህም በኋላ ውኃ ባዩ ጊዜ ነገ ከነገ ወዲያ አላለም፤ እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር ይኖር እንደ ሆነ ራሱ ጠየቀ እንጂ። የገባውን ነገር በገባው ሰዓት ፈጸመው።

የመሪውንም የፊልጶስን ነገር ደግሞ እንይ። ፊልጶስ በሰማርያ ሳለ ብዙ ሕዝብ ይሰማውና ያምን ነበር። መልአኩም መጥቶ ሲናገረው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሹም ታገኛለህ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያነብባል፤ ተርጉመህለት ታጠምቀዋለህ አላለውም። ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወዳለው ወደ ምድረ በዳው መንገድ እንዲሄድ ብቻ ነገረው። ምክንያቱ አልተነገረውም፤ ፍጻሜውም አልታየውም። ሕዝብ ከሞላበት ከተማ ሰው ወደሌለበት በረሃ መሄድ በሰው ሚዛን ኪሳራ ይመስላል፤ እርሱ ግን ተነሥቶ ሄደ። ወደ ሠረገላው ቀርበህ ተገናኝ የሚለው የመንፈስ ቅዱስ ቃል የመጣው ከመንገዱ ከደረሰ በኋላ ነው። በሰማርያ ቆሞ ሁለተኛውን ቃል ቢጠብቅ ኖሮ ሠረገላው ባለፈ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛው ቃል የመጣው የመጀመሪያው ከተፈጸመ በኋላ እንደ ሆነ ልብ በሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንናገረው የምንወደው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

እኛም በልጅነታችን አኩፋዳችንን አንግተን ከመምህር ወደ መምህር ስንዘዋወር ይህን ነገር በእግራችን ተምረነዋል። የቅኔው መምህር የሚያስተምሩበትን ደብር የምንጠይቀው ገበሬ መንገዱን ሁሉ ዘርዝሮ አይነግረንም ነበር፤ ቢነግረንም አንይዘውም። ይህን ወንዝ ተሻገሩ፤ ከማዶ አንድ ዋርካ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ያሉትን ሰዎች ጠይቁ ይለናል። ወንዙን ያልተሻገረ ተማሪ ከዋርካው ወዲያ ያለውን መንገድ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ከወንዙ ወዲህ ተቀምጦ የመጨረሻውን መንደር ካላሳያችሁኝ አልነሣም የሚል ቢኖር፣ እርሱ መንገድ ጠያቂ ሳይሆን መንገድ ፈሪ ነው።

ይህንንም የሚያስረዳ አንድ ነገር እዚሁ ቃሊቲ ገጥሞናል። የምንጽፈው በንስሐ የሰማነውን አይደለም፤ ባለታሪኩ ራሱ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎ የፈቀደልንን፣ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንዱን ሰውረን ነው። ሰውየው ከጅቡቲ ወደ ቃሊቲ ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ መስቀል ተሳለመና፣ «አባቴ፤ በውጭ ሀገር ሥራ ተገኝቶልኛል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሁለት ሱባዔ ይዣለሁ፤ ጠበል ተጠምቄአለሁ። ባሕታዊ ነኝ የሚል አንድ ሰው ሂድ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ከሄድህ ትጠፋለህ አለኝ። ሕልምም አይቼ የሚፈታልኝ አጣሁ። እርስዎ ይንገሩኝ» አለን።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት አንድ መልስ በአፋችን ላይ ደርሶ ነበር። ተስፋ አድርጎ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ለካህን ይከብዳልና፤ ምሥጢር ዐዋቂ ተብሎ መታየትም ልብን ደስ ያሰኛልና። ነገር ግን የእግዚአብሔር ቸርነት አፋችንን ያዘውና ስለ ቤተ ሰቡ ጠየቅነው። ታላቅ ወንድም እንዳለው፣ በአባታቸው ቤት ምክንያት ተጣልተው አራት ዓመት እንዳልተነጋገሩ፣ ወንድሙም በሌላ ነገር ተከስሶ በዚያ ጊዜ በማረሚያ ቤት እንደ ነበረ ነገረን።

«በማረሚያ ቤቱ በር በኩል በመኪናህ ታልፋለህን?» አልነው።

«በየሳምንቱ አልፋለሁ» አለን።

«ገብተህ ጠይቀኸው ታውቃለህን?»

ዝም ብሎ አቀረቀረ። እኛም፣ «ልጄ፤ ስለ ውጭ ሀገሩ ሥራ እግዚአብሔር ምን እንዳሰበ እኛ አናውቅም። ስለ ወንድምህ ግን ምን እንዳዘዘ እኛም አንተም እናውቃለን። የታሠረን ስለ መጠየቅ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25፣ መባን ከማቅረብ አስቀድሞ ከወንድም ጋር ስለ መታረቅም በምዕራፍ 5 ተጽፎልናል። ለዚህ ሱባዔ አያሻውም፤ ሕልም ፈችም አያሻውም። የፊታችን እሑድ እንጀራ ይዘህ ግባ፤ ስለ ሌላው ከዚያ በኋላ አብረን እንጠይቃለን» አልነው። ደስ ሳይለው ሄደ። ሌላ ነገር ለመስማት መጥቶ ነበርና።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ የአንድ ሾፌር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሁላችንም ነገር ነው። ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ዝም አለን እንላለን፤ ነገር ግን ቃሉ ስለ ከበደን የሰማነውን እንዳልሰማን ሆነን ሌላ ቃል እንጠብቃለን። የበለዓም በደል ይህ ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው ባላቅ መልእክተኞችን በላከበት ጊዜ እግዚአብሔር ለበለዓም አትሂድ፤ ሕዝቡንም አትርገም ብሎ በግልጥ ነግሮት ነበር። ነገሩ በዚያ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ከፊተኞቹ የሚከብሩ መኳንንት ታላቅ ክብር እናደርግልሃለን የሚል ቃል ይዘው በመጡ ጊዜ፣ በዚህች ሌሊት ደግሞ እጠይቃለሁ አለ። ጥያቄው ጸሎት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ምኞት ነው። አንድ ጊዜ የተመለሰለትን ጥያቄ ዋጋው ስለ ጨመረ እንደ ገና የሚጠይቅ ሰው መሪ አይፈልግም፤ ለገዛ ፈቃዱ ማኅተም ይፈልጋል እንጂ።

ከዚህም ሌላ፣ በሩ ስለ ተከፈተልኝ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚሉ አሉ። እነዚህም የዮናስን ነገር ያስታውሱ። ዮናስ ወደ ነነዌ ሂድ የተባለውን ትቶ ወደ ኢዮጴ በወረደ ጊዜ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ አገኘ፤ የሚከፍለውም ዋጋ በእጁ ነበረ። መርከቡ ተዘጋጅቷል፤ ገንዘቡ አልጎደለም፤ ሁሉም ተመቻችቷል። ነገር ግን ሽሽት ነበረ። ለሚሸሽም ሰው መርከብ አይጠፋውም። እንግዲህ የተከፈተ በር ሁሉ እግዚአብሔር የከፈተው አይደለም፤ የተዘጋም በር ሁሉ ሰይጣን የዘጋው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በእስያ ቃሉን እንዳይናገር፣ ወደ ቢታንያም እንዳይሄድ የከለከለው መንፈስ ቅዱስ ራሱ እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 16 እናነባለን። በዚያ የተዘጋው ወደ መቄዶንያ ይሻገር ዘንድ ነው።

እንግዲህ የሚመራን የእግዚአብሔር መንፈስ መሆኑን በምን እንለየው? ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 መንፈስን ሁሉ እንድንመረምር እንጂ እንድናምን አላዘዘንም። የቃሊቲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጉምሩኩን ይመልከት። ከወደብ የመጣ ዕቃ ወረቀቱ ሳይታይ፣ ጭነቱም ሳይፈተሽ አያልፍም። እውነተኛ ነጋዴም ስለ ተፈተሸ አይቆጣም፤ የሚፈራ የተደበቀ ነገር ያለው ነው። እንደዚሁ በልባችን የሚመጣ አሳብ፣ በሌሊት የሚታይ ሕልም፣ ከሰውም አፍ የሚሰማ ትንቢት ሁሉ በሦስት ኬላዎች ሊፈተሽ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ኬላ ቃለ እግዚአብሔር ነው። ሕጋዊ ሚስትህን ፍታ፣ እናት አባትህን አትጡር፣ በሐሰት ማል፣ የሠራተኛህን ደመወዝ ከልክል የሚል መሪነት በመልአክ መልክ ቢገለጥም ከእግዚአብሔር አይደለም። ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን እንደሚለውጥ ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎአልና። እግዚአብሔር በመጽሐፍ የተናገረውን በሕልም አይሽርም። ስለዚህ መጽሐፍን የማያነብና የማይሰማ ምእመን በዚህ ኬላ ላይ ፈታሽ የሌለው ነው፤ የመጣው ሁሉ ያልፍበታል። ጃንደረባው መሪ ያገኘው መጽሐፍ ገልጦ ሳለ መሆኑን አንርሳ።

ሁለተኛው ኬላ የነፍስ አባት ምክር ነው። ከሳውል የሚበልጥ ራእይ ያየ ማን ነው? በደማስቆ መንገድ ጌታ ራሱ በብርሃን ተገለጠለት፤ ድምፁንም አሰማው። ነገር ግን ምን ላድርግ? ባለ ጊዜ ሁሉን በዚያው አልነገረውም፤ ወደ ከተማ እንዲገባ አዘዘው፤ ሐናንያን ላከለት። ሐናንያም እጁን ጭኖ ዐይኑን አበራለት፤ ተነሥቶም ተጠመቀ። ጌታን ያየው ሳውል ወደ ሰው ከተላከ፣ በእንቅልፍ ልቡ አንዳች ነገር ያየ ሰው ለማንም ሳልነግር ልሂድ ቢል ከማን ሊበልጥ ነው? ካህን የሚጠየቀው ግን የተሰወረውን እንዲገልጥ ሳይሆን የተገለጠውን እንዲያስታውስ ነው። በዚህ ነገር የሚስት፣ የባልና የአረጋውያን ቤተ ሰብ ምክር እንዳይናቅ እንመክራለን፤ ድካማችንን ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና።

ሦስተኛው ኬላ ፍሬው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 የመንፈስን ፍሬ ቈጥሮአል። አሳቡ ትሕትናን፣ ፍቅርን፣ ትዕግሥትን እያሳደገ ከሄደ መልካም ነው፤ ሰውን እያስናቀ፣ ከጉባኤ እያስለየ፣ እኔ ብቻ ተመረጥሁ እያሰኘ ከሄደ ግን ምንጩ ሌላ ነው። በዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ ሰዎች ልቤ ሰላም ስላገኘ ፈቃዱ ነው ይላሉ። ሰላም የመንፈስ ፍሬ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የፈለጉትን በማግኘት የሚመጣ ዕረፍት ሁሉ ሰላም አይባልም። ዮናስም በመርከቡ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታችን ግን በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ሲፈጽም ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ ድረስ ተጨነቀ። ስለዚህ ነገሩ መክበዱ ከእግዚአብሔር ላለመሆኑ ምልክት አይሆንም።

ታዲያ ምልክት መጠየቅ ጨርሶ አይገባምን? ብትሉን፣ ጌዴዎን በፀጕሩ ላይ ጠል እንዲወርድ ጠይቆ እግዚአብሔር እንደ ታገሠው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 አንብበናል። ነገር ግን ትእዛዙን አስቀድሞ ሰምቶ እንደ ነበረ አስተውሉ፤ ምልክቱ የተሰጠው ለደካማነቱ ድጋፍ እንጂ ለሁላችን ሕግ ሆኖ አይደለም። ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ መርጠዋል። አስቀድሞ ግን መጽሐፍ ጠቀሱ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር የነበሩትን መረመሩ፤ ሁለት አቆሙ፤ ጸለዩ፤ ዕጣው የመጣው በመጨረሻ ነው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ፓትርያርክዋን በመረጠች ጊዜ ብዙዎች ተመርምረው፣ ድምፅ ተሰጥቶ ሦስት ስሞች ከቀሩ በኋላ ነው ዐይኑን የተሸፈነ ሕፃን ከመንበሩ አጠገብ አንዱን ያወጣው። የሰው ድርሻ ሳይፈጸም ዕጣ አልተጣለም። ሳይጾሙ፣ ሳይመክሩ፣ መጽሐፍም ሳይመረምሩ ወደ ጠንቋይ፣ ወደ ኮከብ ቈጣሪና ዐውደ ነገሥት ወደሚገልጥ የሚሮጡ ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የተከለከለውን ያደርጋሉ። ይህም ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ፣ አንዳንዴም ፊደል በቈጠሩ ሰዎች እጅ የሚደረግ ስለ ሆነ በኀዘን እንናገረዋለን።

ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ደግሞ ከግዴታችን አያስመልጠንም፤ ወደ ግዴታችን ይመልሰናል እንጂ። የማሕሌታዊው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩንም የአጎቱን የጌዴዎንን ግርፋት ፈርቶ ከአክሱም በሸሸ ጊዜ በማይ ኪራሕ ከአንዲት ዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ትልም ዛፏን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ሞክራ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካላት አየ። እርሱ ምልክት አልለመነም ነበር፤ የታየውም ነገር ወደ አዲስ ሀገር አላሻገረውም። ወደ ሸሸው መምህርና ወደ ተወው መጽሐፍ መለሰው። ዜማችን ሁሉ የተገኘው ከዚያ መመለስ በኋላ ነው።

መልሱ የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። እስራኤል በምድረ በዳ ደመናው ሲነሣ ይጓዙ፣ ሲያርፍ ይሰፍሩ እንደ ነበረ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 9 ተጽፏል፤ ደመናውም ሁለት ቀን ወይም አንድ ወር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ቢቈይ አይንቀሳቀሱም ነበር። መቈየትም ከመሪነቱ አንዱ ነውና። አባታችን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ የመጀመሪያ ስሙ ፍሬምናጦስ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ ሀገራችን የገባው በራሱ ፈቃድ አልነበረም። የተሳፈረበት መርከብ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ከወንድሙ ጋር በዛፍ ሥር ትምህርቱን ሲያጠና ተገኝቶ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰደ። በዚያ በታማኝነት አገለገለ፤ የተሾመበትን ሥራ ሳይንቅ ለክርስቲያኖች የጸሎት ስፍራ አዘጋጀ። ነጻ በወጣ ጊዜ ወንድሙ ወደ ጢሮስ ሲመለስ፣ እርሱ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክላት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ሌላ ሰው እንዲላክ የለመነው እርሱ ራሱ ተሹሞ ተላከ። ለብዙ ዓመታት በእጁ ያለውን ሲፈጽም ኖረ፤ የሕይወቱ ዓላማ የተገለጠለት በመጨረሻ ነው።

ለአገልጋይ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። እግዚአብሔር እንዲህ ይላል ለማለት አንፍጠን። እርሱ ያልተናገረውን በስሙ መናገር የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ከመጥራት አይለይም። አናውቅም ማለት ክህነታችንን አያሳንሰውም፤ ያላወቅነውን እንዳወቅን መናገር ግን ያረክሰዋል። ፊልጶስ ጃንደረባውን ካጠመቀው በኋላ መንፈስ ነጠቀው፤ ጃንደረባውም መሪውን ዳግመኛ ባያየውም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። እውነተኛ መሪ ሰውን ከእግዚአብሔር ጋር አገናኝቶ ይሰወራል፤ ከራሱ ጋር አያስረውም።

ያ ሾፌር ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። በመጀመሪያው እሑድ ወንድሙ አልቀበለውም ብሎ እንጀራውን ይዞ መመለሱን፣ ሁለተኛ ጊዜም በሩ ላይ ቆሞ መቅረቱን፣ በሦስተኛው ግን ወንድሙ መጥቶ ብዙ ሰዓት ያለ ቃል ተቀምጠው መለያየታቸውን ነገረን። ስለ ቤቱ ገና አልተስማሙም ነበር። ነገር ግን የወንድሙ ልጆች ትምህርት ቤት የሚከፍልላቸው አጥተው እንደ ነበረ ያወቀው በዚያ ነው። «ስለ ውጭ ሀገሩስ ምን አሰብህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «አባቴ፤ ጥያቄው ራሱ ተለወጠብኝ። በፊት የምጠይቀው ስለ እኔ ነበር» አለን። በዚያ ዓመት አልሄደም። ወደ ፊት ቢሄድ ወይም ቢቀር እኛ አናውቅም፤ ወንዙን ግን ተሻግሯል፤ ከዋርካው በታች ያሉትን ሰዎች ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ መሪነቱን የምንለምን ሁሉ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንገባ፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ የነገረኝ፣ እኔም ያቈየሁት ነገር ምንድን ነው? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ያልተመለሰ ገንዘብ፣ ያልታረቅነው ወንድም፣ ያልጠየቅነው በሽተኛ፣ የተውነው ጸሎት ይኖር ይሆናል። ከዚያ እንጀምር። የነገው መብራት የሚበራው በዛሬው እርምጃ ፊት ነውና።

ጃንደረባውን በምድረ በዳ መንገድ ላይ ያልረሳ አምላክ እኛንም በየጎዳናችን አይርሳን፤ ቃሉን የሚሰማ ጆሮ፣ የሰማውን የሚፈጽም እግር ይስጠን፤ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በቅዱሳኑም ሁሉ ጸሎት እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ይምራን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።